ቀይ ውሻ የገባበት ቤት

ኔላ ያን ቅዳሜ ስልኩን ባታነሳው ኖሮ ዛሬ የምናወራው ሌላ ታሪክ በሆነ ነበር። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ የእናቷን ድምፅ ስትናፍቅ የኖረች ሴት፣ ስልክ ሲጮህ እንዴት ዝም ብላ ታየዋለች?

«ኔላ፣ እኔ ነኝ» አሉ እናቷ ኮርኔሊያ። ድምፃቸው ከበፊቱ አርጅቷል። «እህትሽ እኛ ዘንድ ታማ ተኝታለች። ልጆቿም ሁሉም ታመውብናል። እኔ ብቻዬን አልቻልኩም። አባትሽም...» ትንሽ ገታ አሉ። «አባትሽም ትምጣ ብሏል።»

ኔላ ስልኩን እንደያዘች ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። አባትሽም ትምጣ ብሏል! ይህን ቃል በሕልሟ ስንት ጊዜ ሰምታዋለች።

የዚያኑ ቀን ጠዋት ማርገዟን አረጋግጣ ነበር። ባሏ ዮሪት ባሕር ላይ ነው፤ የሚመለሰው ዓርብ ነው። ይህን የመሰለ ወሬ በስልክ ልትነግረው አልፈለገችም። ዓይን ዓይኑን እያየች፣ ፊቱ ሲለዋወጥ እያየች ነው ልትነግረው ያሰበችው። ከእሱ በፊት ማንም እንዳይሰማባት ለራሷ ቃል ገባች፤ እናቷም ብትሆን። ስለዚህ ለእናቷ «መጣሁ» ብቻ ብላ ስልኩን ዘጋች።

መንደራችን ከባሕሩ ግድብ ሥር ናት። እሑድ ሰው ሁሉ ጥቁር ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፤ ብስክሌት አይነዳም፣ ልብስ አይሰጣም። የኔላ አባት አቶ ክራይን የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ናቸው። ቴሌቪዥን ደጃፋቸውን ረግጦ አያውቅም፤ ክትባትም እንደዚያው። በሽታን የሚያመጣውም የሚመልሰውም እግዚአብሔር ነው፣ ቀድሞ መርፌ መወጋት እሱን አለማመን ነው ብለው ያምናሉ። አባታቸውም አያታቸውም እንደዚሁ አምነው ነው የኖሩት። ሁለቱ ሴት ልጆቻቸው፣ ያኮሚናና ፒተርኔላ፣ በዚያ ቤት አደጉ። ፒተርኔላን ኔላ እያልን ነው የምንጠራት።

ዮሪት ከሰሜን፣ ፍሪስላንድ ከሚባለው አውራጃ የመጣ ሰው ነው። ለምግብ የሚሆን ዛጎል የሚያጠምዱ ጀልባዎች ላይ ሞተር ይጠግናል። አንድ እሑድ ጠዋት፣ ሕዝቡ ሁሉ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ፣ ቅባት የነካ ቱታውን እንደለበሰ ብስክሌቱን እየነዳ አለፈ። ወንዶቹ ተገላመጡት። ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ። ኔላ ግን ከባርኔጣዋ ሥር ቀና ብላ አየችው፤ እሱም ፈገግ ብሎ ራሱን ዝቅ አደረገላት። በዚያ ቀን መዝሙሩ ሲዘመር ኔላ የትኛው ገጽ ላይ እንዳሉ ጠፍቶባት ነበር።

ሲጋቡ በማዘጋጃ ቤት ተጋቡ። አባቷ አልመጡም። እናቷ በያኮሚና እጅ ያማረ የጠረጴዛ ልብስ ላኩላት፤ ሰላምታ እንኳ አልተጨመረበትም። ከዚያ በኋላ የአባቷ በር ተዘጋ።

ከሠርጋቸው ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ዮሪት፣ «ኔልዬ፣ አንቺ አልተከተብሽም አይደል? ልጅ ከማሰባችን በፊት አንድ መርፌ ብትወጊ ምናለበት?» ብሏት ነበር።

«አሁን አይሆንም። አባባን በአንድ ዓመት ስንቴ ላቁስለው?»

ዮሪት ነገሩን አልገፋበትም። ከአማቱ ጋር እልህ የተጋባ መስሎ መታየት አልፈለገም። «ቀስ ብለን» አለ። ቀስ ብለው ቀሩ።

ቅዳሜ ከሰዓት ኔላ የልጅነት ቤቷ ደጃፍ ላይ ቆመች። በሩን እናቷ ከፈቱላት። ተያዩ፤ እናቷ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ።

«ልጆቹን ምን ነካቸው?» አለች ኔላ በመጨረሻ።

«ቀይ ውሻ ነው» አሉ ኮርኔሊያ። «እትምህርት ቤቱ ያልያዘው ልጅ የለም እኮ። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ይለቃቸዋል። ያኮሚናን ነው የጠናባት፣ መገጣጠሚያዋን ቆረጣጠማት።»

እኛ አገር ያን ኩፍኝ የሚመስል ቀላል ሽፍታ ቀይ ውሻ እንለዋለን። ሐኪሞቹ ሩቤላ ይሉታል።

የኔላ እግር መድረኩ ላይ ቀረ። ትንሽ ልጅ ሳለች የሆነ ነገር ትዝ አላት፤ እናቷ አንዲት እርጉዝ ጎረቤታቸውን ከዚሁ በር ላይ፣ ያውም እየተቆጡ፣ ሲመልሷት። ለምን ነበር? እንዲህ ባለ በሽታ ይሆን? አፏን ከፈተች። «እማማ...» ልትል ስትል ከጓዳ በኩል የሚታወቅ ኮቴ ተሰማ።

አቶ ክራይን ብቅ አሉ። ፀጉራቸው በሁለት ዓመት ውስጥ ነጭ ሆኗል። ልጃቸውን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት።

«ምን ትገተሪያለሽ ኔላ?» አሉ። «ግቢ፣ ብርድ ነው።»

ገባች። ስንት ሌሊት ያለቀሰችለት ቃል ነበርና፣ ሌላውን ሁሉ ረስታ ገባች። የያኮሚናን ልጆች አቅፋ አስተኛች፣ ፊታቸውን አጠበች፣ ትኩሳታቸውን በጉንጯ ለካች። ማታ ሲበሉ አባቷ ድንች ያለበትን ሳህን ራሳቸው ገፋ አደረጉላት። በዚያ ምሽት በዓለም ላይ ከኔላ የበለጠ ደስተኛ ሰው አልነበረም።

ዓርብ ዕለት ዮሪት ሲመለስ ወሬውን ገና ሳትጨርስ ጨው ጨው በሚለው ካፖርቱ አቅፎ ወደ ላይ አነሳት።

«ለእናትሽ ነገርሻቸው?»

«ካንተ በፊት? አብደሃል እንዴ!»

ይህን ሲሰማ ከትከት ብሎ ሳቀ፤ ከሳቁ ብዛት ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔን አስቀደመች ብሎ ኮራ። በኋላ፣ ያን ሳቁን ባሰበ ቁጥር ራሱን ይጠላ ነበር።

ሽፍታው የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኔላ መስታወት ፊት ቆማ አንገቷን ስታይ ነጠብጣቡን አየችው። ከጆሮዋ ኋላ ዳበሰች፤ አብጧል። አላሳከካትም፣ ብዙም አላተኮሳት። ያን ጊዜውኑ ግን ካፖርቷን አንሥታ ዮሪትን ጠራችው።

ሆስፒታል ያገኟት ሐኪም ነገር የማታሽሞነሙን ሴት ነበረች። የደሙን ውጤት አይታ ወንበሯን ወደ ሁለቱ አስጠጋች።

«በዚህ በመጀመሪያው ጊዜ ላይ ሲይዝ ከባድ ነው። ከአሥር ጽንስ ስምንት ዘጠኙን ይጎዳል። ጆሮን፣ ዓይንን፣ ልብን፤ አንዳንዴም አእምሮን። ላንቺ ሽፍታ ነው፣ ያልፋል። እሱ ግን አካሉ ገና እየተሠራ ነው።»

«መድኃኒቱስ?» አለ ዮሪት።

«ከያዘ በኋላ የለውም።» ሐኪሟ የውጤቱን ወረቀት አጠፈችው። «ከመያዙ በፊት ነበር።»

ዮሪት መሬት መሬት አየ። ኔላ እጇን ሆዷ ላይ አደረገች።

«እርግዝናውን ማቋረጥ ብትፈልጉ ሕጉ ይፈቅዳል፤ ልትወልዱት ብትፈልጉም አብረናችሁ ነን። ማንም አያስገድዳችሁም። ቤታችሁ ሂዱና ተነጋገሩ።»

ተነጋገሩ? ምነው በተነጋገሩ ኖሮ!

ወጥ ቤታቸው ውስጥ ካፖርታቸውን እንኳ ሳያወልቁ ቆመው ቆዩ። በመጨረሻ ዮሪት፣ «ሐኪሟ ያለችውን እናስብበት» አለ።

«የትኛውን?»

«ሁሉንም።»

«ሁሉንም አትበለኝ! አንዱን ነው የምትለው። ልጄን አስወግጂው ነው የምትለኝ።»

«እንደዚያ የሚል ቃል ከአፌ ወጣ?»

«ከአፍህ ባይወጣም ዓይንህ ላይ አየሁት!»

ዓይኑ ላይ የነበረው ፍርሃት ነው። የሞተሩ ክፍል ውኃ ሲገባበት ያልፈራ ሰው፣ ያን ቀን እንደ ልጅ ፈርቶ ነበር። «ፈራሁ» ቢላት ትረዳው ነበር፤ አብራው ታለቅስ ነበር። ግን እንዲህ ያለ ቃል አንደበቱ ስለማያውቅ ሌላው ወጣ።

«ከዚያ ቤት ያወጣሁሽ መስሎኝ ነበር» አለ። «ለካ አልወጣሽም! አባትሽ ጣቱን ሲያንቀሳቅስልሽ ልጄን በሆድሽ ይዘሽ ሮጥሽ። እኔን ደግሞ ቤተሰብሽን ያጠፋሁ አድርጋችሁ ታዩኛላችሁ! እንግዲህ አባትሽ ደስ ይበለው፣ የልጅ ልጁን በገዛ እጁ...»

«በቃ!» ኔላ ጆሮዋን ያዘች። «ውጣልኝ ዮሪት። ውጣልኝ!»

ወጣ። በሩን በዝግታ ነው የዘጋው። ቢያላጋው ይሻላት ነበር።

ኔላ ለወላጆቿ ራሷ ሄዳ ነገረቻቸው። ምሳ ላይ ነበሩ። ኮርኔሊያ ሰምተው ሳይጨርሱ ከወንበራቸው ተነሡ፤ ልጃቸውን ትከሻዋን ይዘው ወዘወዟት።

«ለምን አልነገርሽኝም? ምናለ አንዲት ቃል ብትተነፍሺ? ከበሩ እመልስሽ ነበር እኮ! በእጄ ገፍቼ እመልስሽ ነበር!»

ከዚያም ያው የወዘወዘ እጅ አቅፏት አብረው አለቀሱ። አቶ ክራይን አልተንቀሳቀሱም። ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ምሳ ካለቀ በኋላ እንደ ልማዳቸው ሊያመሰግኑ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ቤተሰቡ ጸሎት ሳይጨረስ ለመጀመሪያ ጊዜ ከማዕድ የተነሣው ያኔ ነው።

ዮሪት ወደ አገሩ ወደ ሰሜን ሄዶ እዚያው ጀልባ ላይ ተቀጠረ። መጀመሪያ መጀመሪያ ደወለ፤ ኔላ አላነሳችም። ከዚያ ፖስት ካርድ ላከ። «እንዴት ነሽ?» ብቻ ይላል። ኔላ ካርዱን ወረወረችው። ለአምስት ወር እርጉዝ ሚስት የሚላከው እንዴት ነሽ ነው? ያቺን ቃል ከመጻፉ በፊት ስንት ወረቀት ጽፎ እንደቀደደ በምን ታውቃለች? እሱም መልሱን ሲጠብቅ ሲጠብቅ፣ ከአባቷና ከአምላኳ ጋር ቀርታለች፣ እኔን አትፈልገኝም ብሎ ደመደመ። ልጁ ሲንቀሳቀስ እጁን ጭኖ ሊያዳምጥ የሚገባው ሰው ከሞተር ድምፅ ጋር ከረመ።

ሕፃኗ በግንቦት ማለቂያ ተወለደች። ኪሎዋ ትንሽ ነበር። የሁለቱም ዓይኖቿ ብሌን በጭጋግ የተሸፈነ ይመስላል። ሐኪሙ ደረቷን አዳምጦ አንገቱን ሲያቀረቅር ኔላ አየችው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጎረቤት ይሰበሰባል፣ እንደ አራስ ቤት ወጉ ሮዝና ነጭ ስኳር የተነሰነሰበት ደረቅ ዳቦ ይታደላል። ያኮሚና ገዝታው መጥታ ነበር፤ ከፍቶ የበላ ግን የለም።

ለዮሪት የደወለችው ያኮሚና ናት።

«አባት ሆነሃል» አለችው። «ልቧን ሊቀዷት ነው። ዓይኗም... ዮሪት፣ ብትመጣ ይሻላል።»

«እሷ ናት ደውዪ ያለችሽ?»

«አይደለችም።»

«እንግዲያው አትፈልገኝም።»

«አንተ የሰሜን ድንጋይ!» ያኮሚና ጮኸችበት። «ልጅቱን ምን ብላ እንደሰየመቻት ታውቃለህ? እኛ ዘንድ የመጀመሪያ ሴት ልጅ በእናት እናት ስም ነው የምትጠራው። ሁላችንም ኮርኔሊያ ትላታለች ብለን ስንጠብቅ፣ ሂስኬ አለቻት!»

ሂስኬ የዮሪት እናት ስም ነው። የልጇን ወግ ማዕረግ ሳታይ የሞተችው እናቱ። ዮሪት ስልኩን በሁለት እጁ ያዘ፤ ጀልባው ላይ ያሉት ባልደረቦቹ ፊታቸውን አዞሩለት።

በማግስቱ የሆስፒታሉን ኮሪደር ሲይዝ መጀመሪያ ያገኘው አቶ ክራይንን ነው። ጥቁር ልብሳቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ዮሪት በባቡር ሲመጣ ለእኚህ ሰው የሚናገረውን ሁሉ አዘጋጅቶ ነበር። አጠገባቸው ሲደርስ ግን ሽማግሌው ቀድመውት ተነሡ።

«ዘገየህ» አሉት።

«ዘገየሁ።»

«ደግ አደረግህ መምጣትህ።» ባርኔጣቸውን አሽከረከሩት። «ግቢ ያልኳት እኔ ነኝ። ነግረውሃል?»

ዮሪት የያዘውን ቦርሳ መሬት አስቀመጠ።

«ናፍቃኝ ነበር። ሽማግሌ ነኝና ናፍቃኛለች አልልም፤ ልጆቹን ምክንያት አድርጌ አስጠራኋት። ሁለት ዓመት ስዘጋባት እግዚአብሔርን ያስደሰትሁ መስሎኝ ነበር። ያን በር ባልዘጋባት እኮ እንግዳ ሆና ደጃፍ ላይ አትቆምም ነበር። እንደ ልጅ፣ 'እማማ አርግዣለሁ' ብላ ትገባ ነበር። ሌላው ሰው መከራ ይዞ ሲመጣ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ብዬ አጽናናለሁ። ለራሴ ስለው ግን አፌ እምቢ አለኝ።»

ዮሪት ያዘጋጀው ንግግር ሁሉ ጠፋበት። እኚህን ሰው ለመጥላት ይዞት የመጣውን ጉልበት የት ያድርሰው? አጠገባቸው ተቀመጠ። ሁለቱም የቀዶ ሕክምናውን በር ያዩ ጀመር፤ ከሚጠሉት ሰው ጋር አንድ ዓይነት ሐዘን ማዘን እንዴት ይከብዳል!

የሂስኬ ልብ ተጠገነ። ዓይኗም ተራው ደርሶ ጭጋጉ ተነሣላት። ኔላና ዮሪት በእነዚያ ሳምንታት በሕፃኗ አልጋ ግራና ቀኝ እየተቀመጡ፣ ስለ ወተትና ስለ ዳይፐር ብቻ እያወሩ ከረሙ። ስለ ሌላው ማንም ደፍሮ አላነሳም። ጆሮዋ የተመረመረ ቀን ሐኪሙ፣ «አትሰማም» ብሎ ነገራቸው። ኔላ ውኃ ልጠጣ ብላ ወጣች።

ስትመለስ በሩ ገርበብ ብሏል። የዮሪት ድምፅ ይሰማል። ቆመች።

«ሂስኬ» ይላል፤ ወደ ልጁ ጎንበስ ብሏል። «እንደማትሰሚኝ ነገሩኝ። እኔም ሰው ሲሰማኝ መናገር አልችልበትም፣ ስለዚህ እንግባባለን። እናትሽን ተከተቢ ብዬ አንዴ ጠይቄያት ነበር። ሁለተኛ መጠየቅ ነበረብኝ። ከአባቷ ጋር የተፎካከርሁ እንዳይመስል ዝም አልኩ፤ ለኩራቴ ስል ነው። ያን ቀን ደግሞ ፈራሁ። አልፈልግሽም ማለቴ አልነበረም። ምን ይዤ እንደማሳድግሽ አላውቅም፣ እናትሽ ጥላኝ እንዳትሄድም ፈራሁ። ፈራሁ ማለት አቅቶኝ ስድብ ተሳደብሁ። ከዚያ ሄድሁ። አንቺ ስታድጊ፣ እሷ ብቻዋን ስትሸከምሽ፣ እኔ ሞተር ሳጸዳ...»

«እኔም ፈርቼ ነበር» አለች ኔላ ከበሩ።

ዮሪት ደንግጦ ዞረ። «ከመቼ ጀምሮ ነው የቆምሽው?»

«ሁለተኛ መጠየቅ ነበረብኝ ስትል።» ገብታ አልጋውን ተደገፈች። «ብትጠይቀኝም እምቢ እልህ ነበር ይሆናል።»

«አታውቂም።»

«አላውቅም። እሱ ነው የሚያቃጥለኝ። እሺ ብልህስ ኖሮ?»

ኔላ የሕፃኗን ብርድ ልብስ አስተካከለች። ከዚያ ኔላ ለማንም ያልተናገረችውን ተናገረች።

«ደጃፉ ላይ ሰምቻለሁ ዮሪት። እማማ ቀይ ውሻ ነው ስትል ሰምቻለሁ። ልጅ ሆኜ ያየሁት ነገር ትዝ ብሎኝ ነበር። ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። አባባ ግቢ ሲለኝ... ገባሁ። አሁን ስደበኝ። እስከ ዛሬ የሰደብከኝ ሳታውቅ ነው።»

ዮሪት ተመለከታት። ከስታለች። ከባርኔጣዋ ሥር ቀና ብላ ያየችው ያቺ ልጅ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ሊቆጣ ፈለገ፤ መብቱም እንደሆነ ያውቃል።

«እኔንም እናቴ ብትጠራኝ» አለ ቀስ ብሎ፣ «እሳትም ቢሆን እገባ ነበር።»

ኔላ እዚያው እንደቆመች ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እሱ ተነሥቶ ያዛት። ይቅርታ ተባባሉ ለማለት ይከብዳል፤ ብቻ ማን ማንን ይቅር እንደሚል መለየት አቃታቸው።

ሂስኬ አሁን ለአቅመ ትምህርት ደርሳለች። በወፍራም መነጽር ታያለች፤ በእጇ ታወራለች። አባቷ ቅባት በማይለቀው ጣቱ፣ እናቷ በፈጣን ጣቷ ያወሯታል። አያቷ ግን አልቻሉበትም፤ ጉልበታቸው ላይ ትቀመጣለች፣ ጢማቸውን ትጎትታለች፣ እሳቸው ይጎተቱላታል። ያኮሚና አንድ ቀን ልጆቿን ይዛ ከተማ፣ ክትባት የሚሰጥበት ክሊኒክ ደርሳ ተመልሳለች ይባላል። አባቷ ሰምተዋል፤ አልጠየቋትም።

ባለፈው ሰሞን ሦስቱ ግድቡ ላይ ሲሄዱ አየኋቸው። ነፋስ ነበር። ሂስኬ ከፊት ከፊት ትሮጣለች። ወደ ጠርዙ ስትጠጋ ኔላ ደነገጠችና በሙሉ ድምጿ፣ «ሂስኬ!» ብላ ተጣራች።

ልጅቱ አልዞረችም። ኔላ ባለችበት ቀጥ አለች፤ አሁንም ድረስ እንደማትሰማ እየረሳች እንደምትጠራት ከፊቷ ላይ ይነበባል። ዮሪት እጇን ያዘ፣ አጥብቆ ያዘ፤ ከዚያ ሁለቱም ልጃቸውን ተከትለው ሮጡ።